የታጠበው ስፖንጅ

እህቴ እንደምትለው ዓሦቹን የፈጀቻቸው እናታችን ናት። ማብላቷን እየረሳች ደጋግማ ትመግባቸዋለች፤ የተረፈው ምግብ ገንዳው ሥር በሰበሰ፣ ውሃው ተበከለ፣ አብዛኞቹ አለቁ። እናቴ እንደምትለው ደግሞ የፈጀቻቸው እህቴ ናት። ቅዳሜ መጥታ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ስትፈትግ ገንዳውንም አልማረችው፤ በማግስቱ ዓሦቹ ወደ ውሃው አናት እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር።

ጉዳዩ የዓሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ለእኔ ባልደወለ። እህቴ እናታችንን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳት ካሰበች ቆይታለች። እናቴ ደግሞ ንክች አላለችም።

«ዓሣ መመገቧን የረሳች ሴት ጋዝ መዝጋቷን ታስታውሳለች?» አለችኝ እህቴ በስልክ። «ናና አንተው ፍረድ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ወደ እኔ ትመጣለች፤ የእኔ ከሆነ እዚያው ትቀመጣለች። ያልከውን ልትቀበል ተስማምታለች፤ እኔም እቀበላለሁ።»

ልጅ ሳለሁ ዳቦ ስቆርስ እኩል ስለማካፍል ቤተሰቡ «ዳኛው» ይለኛል። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ስደርስ ሁለቱም ሳሎን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል።

«ዳኛው መጣ፤ ችሎቱ ይከፈት» አለች እናቴ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ገንዳውን ያቆመው አባታችን ነው፤ በሕይወት ሳለ ማንንም አያስነካም ነበር። ዓሦቹ ከትንሿ ጣት አንጓ አይበልጡም፤ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር፣ ወደ ጭራቸው ቀይ። በመንጋ ነው የሚኖሩት። አንዱ ሲታጠፍ ሁሉም አብረው ይታጠፉ ነበር። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። ቀለማቸው ገርጥቶ ከገንዳው ማሞቂያ ጀርባ ተወሽቀዋል። ጣቴን መስታወቱ ላይ ባሳርፍም አልሸሹም።

እጅጌዬን ሰብስቤ ጠጠሩን ገለጥ አደረግሁት። የበሰበሰ ምግብ ከሥር ወጥቶ ውሃውን አደፈረሰው።

«አየህልኝ?» አለች እህቴ።



ቀጥዬ ማጣሪያውን ፈታሁት። አባታችን ስፖንጁን የሚያጥበው ከዚያው ከገንዳው በቀዳው ውሃ ነበር፤ ያውም ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ብቻ። ውሃውን የሚያጠሩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እዚያ ቡናማ እድፍ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እጄ ላይ ያለው ስፖንጅ ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። አሸተትኩት።

«እቴቴ፣ በረኪና ውስጥ ነክረሽዋል?» አልኳት እህቴን።

«ታዲያስ! ዝልግልግ ብሎ፣ ሸትቶ! የአባዬ ዕቃ እንዲያ ቆሽሾ ሳየው አላስቻለኝም። እስኪነጣ አሸሁት።» የእኔን ፊት አይታ ድምጿ ወረደ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ነገርኳት። ማንንም ላለመጉዳት እየተጠነቀቅሁ፣ ግን ሳልሸፋፍን። የተረፈ ምግብ አለ፤ ስፖንጁ ደህና ቢሆን ኖሮ ግን ውሃው ይችለው ነበር። የጨረሳቸው በረኪናው ነው።

እህቴ እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። በስምምነታችን መሠረት እናቴ ረትታለች፤ እዚሁ ትቀመጣለች።

«ቆይ፣ አትነሺ» አለቻት እናቴ። «የምግቡ ጥፋት የእኔ ነው። ደጋግሜ አልመገብኩም ያልኩት አንቺ መገበች ስላልሽ ነው እንጂ፣ መመገቤን እኔ አላስታውስም። ጋዙም እንደዚያው ነው። በቀደም ከፍቼው ክብሪት ፍለጋ ገባሁና በዚያው ጋደም አልኩ። ጎረቤቴ ሽታው አስደንግጧት በሩን ባትደበድብ ኖሮ ዛሬ የምትጨቃጨቁት በሌላ ነገር ነበር።»

«እማዬ!» እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ? አሁንስ ምን ትላለህ?»

 ስፖንጁ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። ልክ የነበረው ማን እንደሆነ ማወቄ ምንም አልረዳኝም።

እናቴ ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ብረት ሲንቋቋ ሰማን። የጋዙን ሬጉሌተር ከሲሊንደሩ ላይ ከነጎማው ነቅላ ተመለሰችና እህቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ሁለቱን ዓሦች ወደ ሱቁ ውሰድልኝ፤ ከመሰሎቻቸው ጋር ይደባለቁ» አለች። «አንቺ ደግሞ ሲሊንደሩን ይዘሽ ሂጂ። ቀዝቃዛ እበላለሁ፣ ቀዝቃዛ እጠጣለሁ። እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም።»