ለአሮጊቷ የሚሆን ውሃ

«ኧረ ይሄን ሶኬት ማን ነው የነቀለው?»

ካፒቴን የጠየቀችው በለሆሳስ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ነውና። ሳሎን ሙሉ ሰው ግን ዞር ብሎ አያት። ግድግዳው ሥር ትልቁ የሻይ ማፍያ ይንተከተካል፤ ከጎኑ የዓሣው ገንዳ ሽቦ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች ጎረቤቷ። «ሻይ ላፈላ ብዬ። ደግሞም ገንዳው ያጉረመርማል፤ ሰው እያለቀሰ ደስ አይልም።»

በደግነት የተሠራ ጥፋት ተቆጥተው አይቆጡት ነገር! ካፒቴን ሶኬቱን መልሳ ሰካች። ከገንዳው በታች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ጨው የበላው አሮጌ ፓምፕ ካላስቆሙት ይዞራል፤ አንዴ ከቆመ ግን መነሣት የለም። አባቷ ቢኖር ያንን ሶኬት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር። እሱን ግን ትናንት ቀብረውታል።

ገንዳው ውስጥ ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች፣ ዕድሜ የጠገበች ዓሣ አለች። አባቷ «አሮጊቷ» ነበር የሚላት። ውላ የምታድረው እንደ ጣት የሚርመሰመስ የባሕር አበባ ውስጥ ነው። አሁን ግን ወደ ላይ ወጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ካፒቴን ገንዳው ላይ ጎንበስ አለች። ይህቺም ከሞተች ከአባቷ ጋር የምትቀመጥበት ጥግ አብሮ ሊሞት ነው።

«ፓምፕ ነው አይደል? እኔ አመጣለሁ» አለ አጎቷ። የአባቷ ታናሽ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር፤ ሲያዝን ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው። የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ።

ጎረቤቷ በሥራዋ ተሸማቃ ጆግ ይዛ መጣች። «ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ ባፈስላትስ? ትንሽ አየር አታገኝም?»

«ታገኛለች እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ጎረቤቷ ሲደክማት ሌላ ለቀስተኛ ተቀበላት፣ ከዚያም ሌላ። ሰው በየተራ ውሃ እየቀዳ እየመለሰ ስለ ሟቹ ያንሾካሹካል።

«መርከብ ላይ ነበር አሉ?»

«የሞተር መካኒክ። የገዛ ቤቱን በእንግድነት ነው የኖረበት።»

ሐሜት ቢመስልም እውነት ነው። በልጅነቷ አባት ማለት መጥቶ የሚሄድ ሰው ነበር። በመጣ ቁጥር ጫማ ያመጣላታል፤ ሁልጊዜም ይጠባታል። የሚገዛው ሲሄድ የተሰናበተውን እግር እያሰበ ነዋ! እናቷ ጫማውን ለጎረቤት ልጆች እያደለች ትስቅ ነበር። ድምፁም ሞተር ክፍል ውስጥ ሲጮህ የኖረ ስለሆነ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ልጅቱ አልጋ ሥር ትገባለች። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «እዚህ ቤት አዛዡ ማን ነው?» ቢላት «እኔ!» አለችው። «እንግዲያው ካፒቴኗ አንቺ ነሽ» አላት። ስሟም በዚያው ቀረ።

እናቷ ካረፈች፣ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ይህን ገንዳ አመጣ። ካፒቴን ልብስ ስትሰፋ ውላ ስትገባ ከጎኑ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ያመለጡትን ዓመታት እዚያ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ነገራት። ዓሣዋ እንዳትደነግጥ ሲል ድምፁን መቀነስ ለመደ። ካፒቴን አባቷን የወደደችው ያኔ ነው፤ በደንብ የወደደችው።

አጎቷ በሁለት እጁ ያቀፈውን ካርቶን ይዞ ገባ። «ሱቁ ውስጥ ካለው ትልቁን ነው! ለወንድሜ ልሰስት እንዴ?»

ገጥመው ቢሰኩት ገንዳው ማዕበል ሆነ። አሸዋው ተነሣ፣ የባሕር አበባዋ ተኮማተረች፣ አሮጊቷ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች፤ የአጎቷም ሸሚዝ በጨው ውሃ ራሰ። አንዱ ለቀስተኛ ሳያስበው ሳቀ። ካፒቴን ሶኬቱን ነቀለች።

«ጋሼ፣ አሮጊት ናት እኮ!»

«ጉልበት ይሆናታል ብዬ...» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። ቀብር ላይ እንኳ አላለቀሰም ነበር።

አብረው ወደ ሱቁ ተመለሱ። ሻጩ ትልቁን ተቀብሎ አንድ ትንሽ ካርቶን አወረደ። «ለእናንተ ገንዳ ውሃውን በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል የሚያዞር ይበቃል። ይኸው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል።»

«የተጻፈው ቧንቧውን ሽቅብ ሳይወጣ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?»

ሻጩ ትክ ብሎ አያት። «የባልዲው ሰውዬ ልጅ ነሽ እንዴ?»

አባቷ ፓምፕ ሊገዛ ሲመጣ ባልዲ ይዞ ነበር። «ይሄ ቁጥር መሬት ላይ ተኝቶ የሚገፋው ነው፤ ዳገት ሲወጣ እንደኔ ይደክማል» እያለ፣ ቧንቧውን በገንዳው ከፍታ ሰቅሎ ባልዲው እስኪሞላ በሰዓቱ ሳይለካ አይገዛም።

«ነኝ» አለች ካፒቴን። ሻጩ «ደህና ነው?» ሊል ሲል ጥቁር ልብሷን አየ። ትንሹን ካርቶን መለሰና መካከለኛውን አወረደ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ ባልዲ አመጣ።

ቤት ሲደርሱ ጆጉ ገና በተራ ላይ ነው። አዲሱን ፓምፕ ገጠሙት፤ ውሃው ፊት ለፊት እንዳይገፋት ካፒቴን የቧንቧውን አፍ ወደ መስታወቱ አዞረች፤ እዚያ ተጋጭቶ በዝግታ ይበተናል። የቀረው የአባቷ ሙከራ ነው። የምግብ ፍርፋሪ ጣል ያደርግ ነበር፤ ጥግ ላይ ከተከማቸ ውሃው ሰንፏል፣ አሮጊቷ ካልደረሰችበት ፈጥኗል። በየዓመቱ የቧንቧውን መዝጊያ ትንሽ ትንሽ ያጠብብላት ነበር። «እኔ ልጠብቃት እንጂ በዚህ ዕድሜዋ ምግብ ታሳድድልኝ?» ይላል።

የመጀመሪያው ፍርፋሪ አሮጊቷን አመለጣት። ካፒቴን መዝጊያውን ነካ አደረገች። ሁለተኛውም አመለጣት፤ አሮጊቷ ዞራ ተደበቀች። አሁንም ነካ አደረገችው። ፍርፋሪው ተንሳፍፎ በባሕር አበባዋ አጠገብ ሲያልፍ ብርቱካናማ አፍንጫ ብቅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ቀዘፈችና ጎረሰችው።

«አባዬ! በላች! ና እያት!»

ካፒቴን የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።  ዞር ብላ ሰው ማየት አቃታት።

በሩ አጠገብ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«መጣሁ» አለ አጎቷ። መጥቶም ከጎኗ ቁጢጥ አለና አሮጊቷን ያይላት ጀመር።