ወገኑ ያልታወቀው አምጃ

ለሊሴ የባሌ ሮቤ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ። እሷ አዲስ አበባ ሄዳ የዕፅዋት ትምህርት ተማረች፤ በሠላሳ ዓመቷ ደግሞ ለዶክትሬት ጥናቷ ወደ ባሌ ተመለሰች።

የምታጠናው አምጃን ነበር፤ የባሌ ሰው ገራምባ የሚለውን፣ ቢጫ አበባ የሚያወጣውን ተክል። ሳኔቲ በሚባለው የተራራ ሜዳ ላይ ብርዱ ቆልምሞት ከወገብ አያልፍም፤ ሐረና ጫካ ዳር ግን ዛፍ ያህላል። ሰው ሁሉ አንድ ተክል ነው ብሎ ነው የሚያልፈው። ለሊሴ ማወቅ የፈለገችው በእርግጥ አንድ መሆኑን፣ ካልሆነም የትኛው ከየትኛው እንደሚዛመድና ማን ከማን ቀድሞ እንደተለየ ነበር። ይህን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ቅጠሉ በፍጥነት ደርቆ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ዘረ-መሉ ይነበባል፣ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል።

መንገድ የሚያሳዩዋት የጎባው ኦቦ ዘይነዲን ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል፤ ዱሮ የደን ጠባቂ ስለነበሩ ተራራውን ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይነግሯት ነበር፦ ከሰው አጥር ቅጠል ከወሰድሽ የባለቤቱን ስም ጻፊ፣ ያለዚያ ስርቆት ነው። ስለዚህ ሪራ መንደር ሱሌይማን ከሚባሉ ሽማግሌ ማር አምራች አጥር ላይ ቅጠሉ ቀጠን፣ አበባው ፈዘዝ ያለ አንድ አምጃ ስታገኝ ደብተሯ ላይ «ሪራ 4፣ ከሱሌይማን አጥር» ብላ ጻፈች። ወደ ቤታቸው የሚወስደውንም መንገድ ከጎኑ አሰፈረች።

ኅዳር 2009 ዓ.ም. ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ሰው ስልክ ላይ የሚያወራው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ሁለቱ ሪራ ላይ የተሳፈሩበት የደሎ መና አውቶቡስ ሳኔቲን አቋርጦ ወደ ጎባ መውረድ ሲጀምር ወታደሮች ኬላ ላይ አስቆሙት። ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ።

የለሊሴ ቦርሳ ውስጥ ስልሳ ሦስት ትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ብርቱካናማ ጠጠርና የተቆራረጠ ቅጠል። ወታደሩ አንዱን ከፍቶ አሸተተና ጓደኛውን ጠራ። ጠጠሩ የቅጠሉን እርጥበት የሚመጥ መሆኑን አስረዳች፤ የዩኒቨርሲቲውን የድጋፍ ደብዳቤም አወጣች። ተቀብሎ ሳያነበው ኪሱ ከተተው። ቀጥሎ ጂፒኤሱንና ደብተሩን አገኘ። አውቶቡሱ ሁለቱን ትቶ ሄደ፤ ከተሳፋሪዎቹ አንድም ዞሮ ያያቸው አልነበረም።

አንድ የእህል መጋዘን የነበረ ግቢ አስገቧቸው። ለየብቻ ሊያስቀምጧቸው ሲሉ ኦቦ ዘይነዲን «ሂን ሶዳቲን» አሏት፤ አትፍሪ ማለታቸው ነው። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ለሊሴ የዚያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዛት። አንድ ወር ሙሉ አብራቸው ስትዞር እኚህ ሰው ሲፈሩ አይታ አታውቅም ነበር።

የጠየቃት መቶ አለቃ አልጮኸባትም፤ ወንበር እንኳ ሰጣት። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በዝግታ አነበበው። ከገጾቹ በአንዱ ራስጌ ላይ «የዘር ሐረግ» የሚል ርእስ ነበር። እዚያ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቀና አለ።

«ዘር ትቆጥሪያለሽ?»

«የተክል ነው» አለች።

ጮክ ብሎ አነበበላት። «ዲንሾ 7 እና ሳኔቲ 2 ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ይመስላሉ። የሪራ 4 ወገን ገና አልታወቀም።» ደጋግሞ አነበበው። «ወገኑ ያልታወቀው ማነው?»

ለሊሴ ልታስረዳው ሞከረች። ተክልም እንደ ሰው ቅድመ አያት እንዳለው፣ የዘረ-መሉ ፊደል ሲነበብ ዝምድናው እንደሚታወቅ ነገረችው። ግን ዘር፣ ወገን፣ ቤተሰብ፣ መለያየት እያለች ስትናገር እያንዳንዱ ቃል ሌላ ነገር ሆኖ ለራሷም ተሰማት። ስምንት ዓመት የተማረችበት ቋንቋ እዚያ ክፍል ውስጥ መወንጀያዋ ሆነ። 

«ሱሌይማን ማነው?» አላት።

ዓይኗን ወደ ደብተሩ መለሰች።

«በዚያ አካባቢ ሱሌይማን የሚባል ሰው እየፈለግን ነው» አለና ብዕሩን አነሣ።

በዚህ መካከል ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ወደቀ። ወንበር ይሁን ሰው አላወቀችም። ነገረችው። ሽማግሌ መሆናቸውን፣ ማር እንደሚያመርቱ፣ ቤታቸው ከመስጊዱ አልፎ በስተግራ መሆኑን፣ ያልተጠየቀችውን ሁሉ ጨምራ ነገረችው። ተናግራ ስትጨርስ እፎይ አለች፤ በኋላ ከሁሉ ያሳፈራት ያ እፎይታ ነበር።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር እኅተማርያም በስልክ ከተጠየቁ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቋት። ቅጠሎቹን መለሱላት፤ ደብተሩንና ጂፒኤሱን አስቀሩ። ኦቦ ዘይነዲንን ግን አልለቀቁም። ሮቤ አባቷ ቤት ገብታ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጎባ ሄዳ ባለቤታቸውን ደጊቱን አገኘቻቸው። ደጊቱ አላለቀሱም። የሷና የኦቦ ዘይነዲን ቃል አልገጠመም ተብሎ እንደተነገራቸው ብቻ ነገሯት፤ ባላቸው ሱሌይማን የሚባል ሰው አላውቅም፣ ልጅቷ ተሳስታ ጽፋ ነው ብለው ነበር።

ኦቦ ዘይነዲን የተፈቱት በዘጠነኛው ቀን ነው። ግራ ጆሯቸው መስማት አቁሟል። ለሊሴ እግራቸው ሥር ተቀምጣ እውነቱን የተናገረችው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው። እሳቸው በሚሰማው ጆሯቸው በኩል እንድትዞር በእጃቸው አመለከቷት፤ ዞራ እንደገና ነገረቻቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፣ «አንቺ ፈርተሽ እውነት ተናገርሽ፣ እኔ ፈርቼ ዋሸሁ። ከዚያ በላይ አትመርምሪው።»

ሪራ ሄዳ ሱሌይማንን ላያቸው ስትል ከለከሏት። ከሄድሽ ይከተሉሻል፣ እሳቸውንም ታስጠቁሚያለሽ አሏት። አባቷም በማግስቱ አዲስ አበባ ላኳት።

ክረምት እስኪገባ ድረስ ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ቅጠል እየፈጨች ሳለ ስልኳ ሲጮህ ሥራዋን አቋርጣ ታነሣዋለች። የምትጠብቀው አንድ ወሬ ነበር፤ ሱሌይማን ተወሰዱ የሚለውን። ወሬው አልመጣም፤ ደህና ናቸው የሚልም አልመጣም።

ሰኔ ላይ ውጤቱ ወጣ። የሳኔቲው፣ የዲንሾው፣ የጎባው፣ ሌሎቹ የሪራ አምጃዎችም ጭምር አንድ ላይ ተሰባሰቡ። ሪራ 4 ብቻውን ቆመ። ሁሉም እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት ተገንጥሎ የቀረ ቅርንጫፍ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከቀረው ቅጠል ደግማ ሠራችው፤ ያው ሆነ። ፕሮፌሰር እኅተማርያም ውጤቱን አይተው አንድ ቅጠል ማስረጃ እንደማይሆን፣ አበባውና ፍሬው እንደሚያስፈልግ ነገሯት። የደረሰባትን ስለሚያውቁ ግን ሂጂ አላሏትም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አዋጁ ሲነሣ ሄደች። ኦቦ ዘይነዲን አብረው ሊሄዱ አልፈለጉም፤ እሷም አልለመነቻቸውም። አውቶቡሱ የዱሮው ኬላ ጋ ሲደርስ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን በዚያ የሳኔቲ ብርድ ላብ አጠመቃት። ሪራ ወርዳ መስጊዱን አልፋ በስተግራ ስትታጠፍ ቆም አለች። የምታየውን ፈራች፤ የተቃጠለ ቤት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት።

ሱሌይማን በራፋቸው ላይ ቆመው ቀፎ ይጠግኑ ነበር። አወቋት። አሰላም አለይኩም ብላ ሰላምታዋን ሳትጨርስ እንባ ቀደማት። ስማቸውንና ቤታቸውን የነገረችው እሷ መሆኗን ተናገረች።

«አውቃለሁ» አሉ። «ነግረውኛል።»

ከዚያ የሆነውን ተረኩላት። ወታደሮቹ በማግስቱ መጡ፤ ቤቱን በረበሩ። የሚፈልጉት ወጣት ስለነበር ሽማግሌውን ሲያዩ ተዉዋቸው። ከመሄዳቸው በፊት አንደኛው ልጅቷ የጻፈችው ዛፍ የቱ ነው ብሎ ጠየቀና በስልኩ ፎቶ አነሣው። ሱሌይማን የፈሩት ይህን ሲያዩ ነው። ዛሬ ፎቶ ያነሣ ነገ ይመለሳል ብለው አሰቡ።

«በዚያው ቀን ቆረጥሁት» አሉ። «ሥሩንም ቆፍሬ አወጣሁና አቃጠልሁት። ዛፉ ነው ያመጣቸው። ጥሩ አላደረግሁም?»

ለሊሴ ወደ አጥሩ አየች። ክፍተቱ በእሾህ ተዘግቷል። ያ ተክል ምን እንደነበረ ልትነግራቸው አፏ ድረስ መጣ።

«ጥሩ አደረጉ፣ አባባ» አለች።

እዚያው አካባቢ አራት ቀን ቆይታ የጫካውን ዳር በጉም ውስጥ አሰሰች። ሃያ አንድ ቅጠል ይዛ ተመለሰች፤ ሁሉም የተለመደው አምጃ ሆነ። መመረቂያ ጽሑፏ ላይ ያ ብቸኛ ቅርንጫፍ፣ ከአንድ ተክል የተገኘ፣ ተክሉም አሁን የሌለ ተብሎ ገባ። ፕሮፌሰር እኅተማርያም የመንደሩና የባለቤቱ ስም የት አለ ብለው ሲጠይቋት አልጽፍም አለች። የቦታው ዝርዝር ላይ «ባሌ» ብቻ ብላ አለፈችው።