ሁለተኛው ብወዛ

ዳላስ ውስጥ ካዚኖ የለም፤ የካዚኖ ድግስ ግን ሞልቷል። ሰዉ በሠርግና በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ በውሸት ገንዘብ ብላክጃክ የሚባለውን የካርታ ቁማር ይጫወታል። ካርታ አዳዩ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። እኔም ለዚሁ ሥራ ልፈተን ዳላስ አጠገብ፣ ቤድፎርድ ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ከጠረጴዛ ጀርባ ቆሜያለሁ። ቡዳፔስት ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የጀመርኩትን ሁሉ ሳልጨርስ ትቻለሁ። ይህም ካልሆነ ቡዳፔስት ተመልሼ እንደምሄድ ለራሴ ነግሬዋለሁ። የቀረው የአዳይ ቦታ ደግሞ አንድ ነው።

ፈታኙ ጋሽ ኃይለ መስቀል ሃያ ዓመት ካርታ ያደሉ ሰው ናቸው። እዚያው የምትሠራው እህቴ ናኦሚ ከኋላቸው ቆማለች።

«በውዝ» አሉኝ።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ በትኜ በመዳፎቼ አማሰልኩት። ሰብስቤ ለሁለት ከፈልኩ፤ ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝቼ ከአውራ ጣቶቼ ለቀቅኩት። ትርርርር! አንዱ በአንዱ መሃል ገባ። ድምፁ እስከ ክንዴ ነዘረኝ። ደገምኩት። ከላይ በጥቂት በጥቂቱ እየገፈፍኩ ደረደርኩ፤ እንደገና ትርርርር!

«ጋሼ፣ በሒሳቡ ሰባት ጊዜ ካልተበወዘ በደንብ አልተደባለቀም።»

«አንተ ሰባት እስክትደርስ ሙሽሮቹ ይፋታሉ!»

ናኦሚ ሳቀች። «ወንድሜ፣ አትከራከር! ፎከስ አድርግ!»

ተጫዋቹ የተበወዘው ካርታ መሃል ሰክቶ ለሁለት የሚከፍልበትን ቢጫ ፕላስቲክ አነሣሁ። ጋሽ ኃይለ መስቀል እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ናኦሚ ፊቷን ሸፈነች።

«ጨዋ አድርገው አሳድገውሃል» አሉ። «ግን ወድቀሃል። እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ምንም አይሄድም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጭራሽ ሁለቱንም እጅህን ከካርታው ላይ አነሣህ። ሌባ ብሆንስ?»

«እርስዎ?»

«አዎ፣ እኔ! የሚቀጥለው ይግባ!»

እግሬ ወደ በሩ ዞረ። ጣቶቼ ግን ገና ይነዝራሉ። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልድገም» ስል ራሴን ሰማሁት።

ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ደቂቃ።»

በተንኩ፣ አማሰልኩ፣ ከፈልኩ። ትርርርር! አሁን ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ነበር የሚሄዱት። ገፈፍኩ፣ ደረደርኩ፣ አጋባሁ። ግራ እጄን ካርታው ላይ ጭኜ በቀኜ ፕላስቲኩን አነሣሁ።

እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ፣ ልጄ። ወገቤን ያመኛል፣ አታስጎንብሰኝ።»

ፊቴ ጋለ። ፕላስቲኩን ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ከዚያ ያንሡ።»

«ምን አልከኝ?»

«ካርታውን ከሌባ እየጠበቅኩ ነው፣ ጋሼ። ያንሡ።»

እጃቸው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ከዚያ እያቃሰቱ ጎንበስ አሉ፤ ፕላስቲኩን አንሥተው ካርታው መሃል ሰኩት።

«ወይ ድፍረት!» ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ነበር። «ቅዳሜ ዋይሊ ከተማ ሠርግ አለ። ጥቁር ሱሪ አለህ?»

«የለኝም።»

«ግዛ። አሁን አድል እንጂ፣ ምን ያስገለፍጥሃል!»