ከግድግዳው ወዲያ

አናጺው፣ ሚስቱ ሽጉጥ ይዛ ወደ ቤት የምትገባበት ቀን ይመጣል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ሚስቱ ዳኛ ናት። በረሮ እንኳ ስታይ በመጥረጊያ ገፋ ገፋ አድርጋ ታስወጣለች እንጂ አትረግጥም።

ነገሩ የመጣው ከያዘችው ጉዳይ ነው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በአዲስ ማሸጊያ እያሸጉ ሲሸጡ የተያዙ ሰዎች ችሎቷ ላይ ቀርበው ነበር። ፍርዱ ሲቃረብ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል መኪናቸውን መከተል ጀመረ። ቀይ መብራት ሲይዛቸው አጠገባቸው ይቆምና የሄልሜቱን መስተዋት ወደ ላይ ገፍቶ፣ ጣቱን እንደ አፈሙዝ ቀስሮ ያነጣጥርባታል። ከዚያ ስቆ ይሄዳል። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ክፍል ይህን ሲሰማ ሽጉጥ ከነፈቃዱ ሰጣት።

ሳጥኑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ፤ ዳኛዋ፣ አናጺውና አብረዋቸው የሚኖሩት የአናጺው እናት። ጥቁር፣ አጭር፣ ከአናጺው መዳፍ ብዙም የማይተርፍ ነገር ነው። ለትንሽ እጅ እንዲመች ተብሎ የተመረጠ።

"ይቺ ናት?" አሉ እናቱ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚናገሩት። "እኔ እኮ ጠብመንጃ የምታመጪ መስሎኝ፣ የት እናቆመዋለን እያልኩ ስጨነቅ ነው የዋልኩት።"

"ትንሽ ናት ብለው አይናቋት፣ እማማ።"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ጊንጥስ ትንሽ አይደለች?"

አናጺው ሳቀ። ሊነካት ግን እጁ እምቢ አለው።

የተኩስ መለማመጃው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር። አሰልጣኟ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯ ገብስማ። ሠልጣኞቿ "ቀስ በሉ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ከዚያ የበዛ ቃል ካፏ አይወጣማ። ለዳኛዋ ግን ትንሽ ዘርዘር አደረገችላት።

"አዲስ ሽጉጥ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ሳይላመዱት ሩቅ መንገድ አይሄዱበትም፤ ይነክሳል።"

መጀመሪያ ፈታታ አሳየቻት። ከፋብሪካ የመጣበትን ወፍራም ቅባት በጨርቅ አስጠረገቻትና እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ እያደረገች ቀጭን ዘይት አስቀባቻት። ከዚያ ጥይት መሙላት መጣ። ካዝናው ውስጥ ያለው ሞላ አዲስ ስለሆነ ጥይቱን ወደ ታች ለመጫን ትግል ነበር፤ የዳኛዋ አውራ ጣት ቀላ።

አናጺው ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ የጆሮ መከላከያ አጥልቆ ተቀምጧል። የመጋዝ ማሽን ሲጮህ የሚውል ሰው ስለሆነ ድምፅ አያስደነግጠኝም ብሎ ነበር የመጣው። የመጀመሪያው ጥይት ሲፈነዳ ግን ደረቱን አንድ ነገር የመታው መሰለው። አቧራ ከካባው ግንብ ላይ ቦነነ። ሚስቱ የቆመችበትን ስፍራ አልለቀቀችም። ከጀርባዋ ሲያያት፣ ያቺ ማታ ማታ እግሯን እሱ ላይ ሰቅላ ዜና የምታይ ሴት አትመስልም ነበር።

ጥቂት እንደተኮሰች ሽጉጧ ነከሰች። ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"የእጅዎ አንጓ ላላ ብሏል" አለች ቀስ በሉ። "እሷም ገና አልተፍታታችም። ሁለታችሁም ጥፋተኞች ናችሁ።"

"ይግባኝ እጠይቃለሁ" አለች ዳኛዋ ላቧን እየጠረገች።

"እዚህ ይግባኝ የለም። አውጥተው ይጣሉትና እንደገና።"

እንዲህ እያሉ ሳምንታት ሄዱ። ዳኛዋ ከሥራ ስትወጣ ባልየው ያደርሳታል፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ሞላው እየለዘበ ሄደ። የላይኛው ብረት መጀመሪያ ሲሳብ እንደ ዛገ መቀርቀሪያ ያንገራግር የነበረው፣ አሁን በደንብ እንደተላገ መሳቢያ ሸርተት ይላል። አናጺው ይህን በጆሮው ለየ። እንጨት ከእንጨት ሲስማማ የሚሰማውን ዓይነት ደስታ ሲሰማው ደግሞ ራሱን ታዘበ፤ ምን ሆኜ ነው በዚህ ነገር የምደሰተው ሲል።

አንድ ቀን ቀስ በሉ ጠረጴዛው ላይ የሦስት ዓይነት ጥይት ክምር አደረገች።

"እስካሁን የተኮሱት ይህን ነው" አለች፣ አፍንጫው ክብ የሆነውንና መዳብ የለበሰውን እያነሳች። "ለልምምድ ርካሽ ነው፤ የማይውጠው ሽጉጥም የለም። ችግሩ፣ መቆም አያውቅም። አንዱን ይመታና አልፎ ከኋላ ያለውንም ያዳርሳል።" ሌሎቹን ሁለቱን አነሳች። የሁለቱም ጫፍ እንደ ትንሽ ስኒ ተቦርቡሯል፤ የአንደኛው አፍ ሰፊ፣ የሌላኛው ጠበብ ያለ ነው። "እነዚህ ሥጋ ወይም ውሃ ሲያገኙ አፋቸው ይገለበጣል፤ ይሰፋሉ። ስለሚሰፉም ይቆማሉ። በወገብዎ የሚይዙት ከእነዚህ አንዱን ነው። የትኛውን እንደሆነ እሷ ትንገረን።"

ሽጉጧም ነገረቻቸው። አፈ ሰፊውን ሲያጎርሷት ገና በርሜሉ ደጃፍ ላይ ጠርዙ ይይዘውና ይሰነቀራል። ደጋግመው ሞከሩ፤ ደጋግማ ነከሰች። አፈ ጠባቡን ግን ያለ አንዳች ኮሽታ ዋጠችው። ሲተኮስም አይራገጥም፤ የዳኛዋ እጅ ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

"በቃ፤ ሻጭ ያመሰገነው ጥይት ለሻጭ ነው" አለች ቀስ በሉ። "ለእርስዎ የሚሆነው እሷ የማትተፋውና እጅዎ የሚችለው ነው። ግን ገና አልጨረስንም፤ ይህንኑ ብዙ ትተኩሻለሽ... ይቅርታ፣ ይተኩሳሉ። አንድም ሳይነክስ።"

አናጺው ከአግዳሚው ተነሳ። "እሱ ግድግዳስ ላይ ይቆማል?"

ቀስ በሉ ዞር ብላ አየችው። "ግድግዳህ ከምንድን ነው የተሠራ?"

አናጺው ደረቱን ነፋ አደረገ። ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ለእናቱ መኝታ ያወጣላቸው እሱ ራሱ ነው። በዚህም በዚያም ጂፕሰም፣ መሐሉ ላይ ቺፕውድና ድምፅ የሚያፍን ጥጥ፤ ቋሚዎቹ ደረቅ እንጨት። እናቱ በጆሯቸው ምክንያት ሬዲዮ ሲያስጮሁ እንኳ ሳሎን ውስጥ አይሰማም። ይህን ሁሉ ዘረዘረላት።

"ይዘኸው ና" አለችው።

አናጺው በእንጨት ሥራ ቤቱ የዚያኑ ግድግዳ ቁራጭ ሠራ። ለሙከራ ነው ብሎ አልቀሸበም፤ ስቱኮውን ሳይቀር መታው፣ የተረፈችውንም ቀለም ቀባው። በፒክአፕ ጭኖ ወሰደና ካባው ግንብ ፊት አቆመው። ከጀርባው፣ የእናቱ አልጋ ከግድግዳው በሚርቀው ልክ፣ ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች በሰልፍ ደረደሩ።

ዳኛዋ ተኮሰች። መጀመሪያ በክቡ፣ ከዚያ በአፈ ጠባቡ ቦርቧራ።

አናጺው ተፈቀደለትና ሄዶ አየ። በፊት ለፊት በኩል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች፤ ምስማር ያበላሸው ቢባል ይታመናል። ዓይኑን አስጠግቶ ሲያይ በወዲያኛው በኩል ብርሃን አለ። ዞሮ ከጀርባ ሄደ። ጂፕሰሙ ተገሽልጦ ጥጡ ወጥቷል። ጀሪካኖቹ ውሃቸውን እያንዠቀዠቁ ነው፤ ክቡ አንዱንም ሳያስቀር በስቷቸው ግንቡ ውስጥ ገብቷል። ቦርቧራው ቀደም ብሎ ቆሟል፤ የቆመው ግን ሦስተኛው ጀሪካን ውስጥ ነው።

ጀሪካኑን ገልብጦ አረሩን መዳፉ ላይ አወጣው። አፉ አልተገለበጠም። የጎረሰው ነጭ ነገር ዘግቶታል። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው የገዛ ግድግዳው ጂፕሰም ነው።

"ይኸውልህ" አለች ቀስ በሉ። "መንገድ ላይ ግድግዳህን ጎረሰና አፉን ዘጋ። ስለዚህ እንደ ክቡ ሆኖ ሄደ።"

አናጺው አረሩን በጣቶቹ መሐል አገላበጠው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲሠራ፣ በር ሲገጥም፣ "አሁን ተዘግቷል፤ እፎይ በሉ" እያለ ቁልፍ ሲያስረክብ ኖሯል። የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ያን ሁሉ እንደ አየር አለፈችው። ዳኛዋም ሽጉጧን ባዶ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኑራ መጥታለች፤ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች።

"ታዲያ የትኛው ጥይት ነው እማማን የማይነካ?" አለች።

"እሱ አልተሠራም" አለች ቀስ በሉ በለስላሳ ድምፅ። "የተሻለው ይኸው ነው፤ አፈ ጠባቡ። ሌላው የእርስዎ ሥራ ነው። ከመተኮስዎ በፊት ዓይንዎ ሰውየው ላይ እንዳይቀር፤ አልፎ ይሂድ። ማን ከኋላ እንዳለ ይዩ።"

አናጺው የግድግዳውን ቁራጭ ቤት ወስዶ ለእናቱ አሳያቸው። እሳቸውም ቀዳዳውን በጣታቸው ዳበሱት።

"ስትሠራው ምንም አያልፈውም ብለኸኝ አልነበር?"

"ድምፅ ነው ያልኩት፣ እማማ።"

"ኧረ ተወኝ! እኔ እንደሆነ ድምፁን ድሮም አልሰማው።"

ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እናቱ ዓይናቸውን ከቀዳዳው ላይ አላነሱም። "የሰው ሥራ ይኸው ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

በማግስቱ አናጺው ሞት እየመሰለው የሰፈሩ ግንበኛ ደጅ ሄደ። ግንበኛው "እንጨት ዕቃ ነው እንጂ ቤት አይደለም" እያለ ለዓመታት ሲያበሽቀው የኖረ ሰው ነው። የመጣበትን ሲሰማ ግን ቀልዱን ዋጠ። ድፍን ብሎኬት አምጥቶ በዚያ ግድግዳ ቦታ ወፍራም ግንብ ገነባላቸው፤ አናጺውም ባልዲ አቀባይ ሆኖ ዋለለት። አልጋውም ወደ ሌላኛው ጥግ ዞረ። ዳኛዋ በበኩሏ ያን አፈ ጠባብ ጥይት ሽጉጧ አንዴም ሳትነክስ በብዛት ተኩሳ ጨረሰች። ቀስ በሉ ኢላማውን አይታ፣ "አሁን ተዋውቃችኋል" አለቻት። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከእሷ የሰማ ሰው የለም።

የፍርዱ ቀን ጠዋት አናጺው እየነዳ፣ ዳኛዋ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ትራፊኩ ውስጥ እየተሳቡ ነበር። የዚያን ዕለት በሲቪል መኪና የሆኑ ፖሊሶች ራቅ ብለው ይከተሏቸዋል። ሞተሩ ከየት መጣ ሳይባል በእሷ መስኮት በኩል ተጠጋ። ሰውየው ዛሬ ግን ጣቱን አልቀሰረም። ግራ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነበር።

አናጺው የሚስቱ እጅ ወገቧ ላይ ሲያርፍ አየ። ፈጣን ነበረች፤ እጀታውን ጨብጣዋለች። ዓይኗ ግን ከሰውየው አልፎ ሄደ። አናጺው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት አላየም፤ ፍርሃት አለበት፣ ግን ፍርሃቱ አልገዛትም።

"በግራ ወዳለው ማደያ እጠፍ። አሁን!" አለች።

መሪውን ጠመዘዘ። መኪናዋ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ዘላ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገባች። ሞተረኛው ሊከተላቸው ሲዞር የፖሊሶቹ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው፤ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ። ከጃኬቱ ውስጥ የወጣው ሽጉጥ ጎማ ስር ተንሸራትቶ ገባ።

ሁሉ ነገር ከተረጋጋ በኋላ አናጺው፣ "ለምን አላወጣሽም? ቀድመሽው ነበር እኮ" አላት።

"ከኋላው ልጆች ነበሩ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ተማሪዎች።"

ዞር ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መጠበቂያው ላይ ተሰልፈው፣ አፋቸውን ከፍተው የወደቀውን ሰው ያያሉ። እሱ አንዳቸውንም አላያቸውም ነበር።

"ጀሪካኖቹ ናቸው የታዩኝ" አለች ዳኛዋ፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

ፖሊሶቹ ዛሬ ቤትዎ ይግቡ ቢሏት እሺ አላለችም። ቃሏን ሰጠች፤ ውሃ ጠጣች፤ ባሏን ንዳ አለችው። ፍርድ ቤት ሲደርሱ ሽጉጧን ባዶ አድርጋ ለጥበቃው አስረከበችና በውስጥ በር ገባች።

አናጺው ሁልጊዜ እሷን አድርሶ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ችሎቷን አይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን መኪናውን አቁሞ ገባ፤ ጥጉ ላይ ቦታ አገኘ። ተከሳሾቹ፣ ጠበቆቹ፣ ያንን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ቤተሰቦች አዳራሹን ሞልተውታል። በሩ ተከፈተና የዳኝነት ካባዋን ለብሳ ገባች። አስተናባሪው "ተነሱ!" ከማለቱ በፊት አናጺው ቆሞ ነበር።

ተቀመጡ ሲባል ሁሉም ተቀመጠ። እሱ የጎኑ ሰው እጅጌውን እስኪጎትተው ድረስ እንደቆመ ቀረ። ከፊት ሚስቱ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ በዚያ ሁሌ ቤት ውስጥ በሚሰማው ድምፅ ውሳኔዋን ማንበብ ጀምራ ነበር።