የመምህር ሓድጉ ጣት

መምህር ሓድጉ ድምፁን ከፍ ያደረገ እንደሆነ መቀሌ ሮማናት አደባባይ ላይ የሚጋፉት ሚኒባሶች ተራ ይይዛሉ። ጠመኔ ጨብጦ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ደግሞ ክፍልፋይ ቁጥሮች ሳይነኩ፣ በፍርሃት ብቻ ይቃለላሉ። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ነው በአንዲት ታብሌት የተረታው።

ጣጣውን ያመጣው የገዛ አፉ ነው። ታብሌቶቹ በመጡ ሰሞን ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ለተመድህን መምህራኑ ዓርብ ዓርብ እየተፈራረቁ አንዱ ሌላውን እንዲያስተምር አዘዙ። ሓድጉ ደረቱን ነፋ።

«እኔ እኮ ይሄን ነገር ገና ሳይፈለሰፍ ነው የማውቀው!»

«እንግዲያው የፊታችን ዓርብ የእርስዎ ተራ ነው» አሉ ወይዘሮ ለተመድህን። «የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ከእንግዲህ በታብሌት ነው። ያላሳየን ሰው ስምንተኛን አይዝም።»

ስምንተኛን! እነዚያ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ዘመን ክፍልፋይ ሳይማሩ ነው ያደጉት። «ለክልል ፈተና ሳላደርሳችሁ ጠመኔ አልጥልም» ብሏቸዋል። ያንን ቃል ከሚያጥፍ ሰሌዳውን ቆርጥሞ ቢበላ ይቀለዋል።

ሰኞ ከሰዓት ባዶ ክፍል ገብቶ ታብሌቷን ገጠማት። ነካ አደረጋት፤ ዝም። ጫን አላት፤ ዝም። ዓይደር ሰፈር ድረስ በሚሰማ ኃይል ወጋት፤ ያው ዝም። በመጨረሻ እንደ ሰሌዳ ሊጠርጋት ዳስተር ሲያነሳ፣ ከበሩ «ኧረ መምህር፣ ይተዉ!» የሚል ጩኸት መጣ።

ጁዋይሪያ ነበረች፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ መቀሌ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አምና የተቀጠረች የሳይንስ መምህርት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይቺ ነገር ጠልታኛለች።»

«እስቲ ጣትዎን ያሳዩኝ።» አየችና በሳቅ ፈነዳች። «ወላሂ ይሄ ጣት አይደለም፣ ጠመኔ ነው! ሰው እንደነካት በምን ታውቅ? ታጥበው ይምጡ።»

ሓድጉ ሄዶ ታጠበ። ከተማውን የሚያጠጡት የዓይናለም ጉድጓዶች እስኪነጥፉ ታጠበ። ተመልሶ ሲነካት ታብሌቷ ፏ አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! በየቀኑ ተማሪ ሲበተን ጁዋይሪያ አጠገብ ይቀመጣል። ሲሳሳት «እንደገና» ትለዋለች፤ ሌላ ሰው ቢለው መሬት ትንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ እንደገና ይጀምራል።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ እሷ ተራዋን ተነፈሰች።

«የኔ ክፍል ታብሌት ሲወጣ ገበያ ነው የሚሆነው፣ መምህር። አንዷን ለአምስት ይጓተቷታል።»

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ! እኔ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እያካፈልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሕጉ አጭር ነው፦ የሚናገር አይነካም፣ የሚነካ አይናገርም። ጥያቄ በተመለሰ ቁጥር ወደ ቀኝ ይተላለፋል።»

ዓርብ ደረሰ። መምህራኑ እንደ ተማሪ አምስት አምስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሓድጉም የያዛት ታብሌት የምታሳየው ሁሉ ግድግዳው ላይ እንዲታይ ተደርጓል። ጀመረ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ አንዲት ክፍልፋይ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጣል አደረገና ወደ ታብሌቷ ዞረ። ነካት፤ ዝም።

«ገና ሳይፈለሰፍ ያውቋት የለ እንዴ?» አለ የስፖርት መምህሩ ስብሓት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሓድጉ የነጣ ጣቱን አየ። እነዚያ ልጆች በዓይኑ መጡበት። ውሃው ሩቅ ነው።

«ዝም በል ስብሓት! የሚናገር አይነካም!» ብሎ አንባረቀና ታብሌቷን ወይዘሮ ለተመድህን እጅ ላይ አኖራት። «እርስዎ ይንኩ፣ እኔ ልናገር።»

እሱ ተናገረ፣ እሳቸው ነኩ፤ ግድግዳው ላይ ክብ ተከፈለ፣ ሩብ ተቀባ። ጥያቄው ሲመለስ ታብሌቷ ወደ ቀኝ አለፈች። ሌሎቹም ቡድኖች ተከተሉ። ታብሌቷ ስብሓት እጅ ስትደርስ፣ የሚጮኸው ስብሓት ድምፁ ጠፋ። ጁዋይሪያ ከኋላ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

ሲያበቃ ወይዘሮ ለተመድህን ተነሱ። «ስምንተኛ የእርስዎ ነው። ያቺን ሕግ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ክፍል ይያዛት። ጣቱን ግን ምን እናድርገው?»

«እሱን ያስተማረችኝ ጁዋይሪያ ናት» አለ ሓድጉ። «ታጥቤ እገባለሁ።»

ጉራ አልጨመረበትም። ቢያንስ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ።