የመምህርት ሕሊና ቀብር

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ማርያምን! አንዲት ፍሬ ብዋሽ ጡሩንባዬ ጉሮሮዬ ውስጥ ተቀርቅራ ትቅር። ፈንታ ቀጣፊ ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። አንበጣ የመጣ ጊዜ በጡሩንባ እየነዳሁ ዓባይ በረሃ ድረስ ሸኘሁት ብዬ አውርቻለሁ፤ እሱም ቢሆን ግማሹ እውነት ነው። ይኸኛው ግን ሙሉው ነው።

እኔ የእድር ጡሩንባ ነፊ ነኝ። መንደራችን ከቁይ ከተማ ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ አልቆ በእግር የሚገባበት ነው። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ እነፋለሁ። ስነፋ አማኑኤል ከተማ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቀረ። የመምህሩ ወንበር ላይ ጃርት አስቀመጥክ ተብዬ ነው የተባረርኩት። ጃርቷ ራሷ ነች የወጣችው፤ ተዉት።

አሁን ያናደደኝን ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሕሊና የምትባል መምህርት አለች። በርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ አንድ ወንድ ይመጣል፤ ጭቃችንን ያያል፤ ይሄዳል። ሌላ ወንድ ይመጣል፤ ክረምታችንን ያያል፤ ይሄዳል። በመካከል ትምህርት ቤቱን ተሸክማ የምታቆየው እሷ ናት፣ «ተወካይ» እየተባለች። ወንዱ ሲመጣ ቁልፉን ታስረክባለች፤ ሲሄድ ታነሣለች። እናቴ ለልጄ ለመሲ ባል ስታፈላልግ ሕሊና መጥታ ደጃችን ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይችን ልጅ ከትምህርት ካስቀሩብኝ ከደጅዎ አልነሣም» አለች። ዝናቡ ወርዶባት አልተነሣችም። እናቴ ተሸነፈች። እናቴን ያሸነፈ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ስድስተኛ ብቻ ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ሩቅ ነው፤ ሩቅ ማለት ደግሞ ለሴት ልጅ ባል ማለት ነው።

ደመላሽ የሚባል የወረዳ ሰው በሞተር መጥቶ ሰበሰበን።

«ወይዘሪት ሕሊና ጎበዝ ናት፤ ማን ካደ?» አለ። «ግን ለሰባተኛና ለስምንተኛ አዲስ ክፍል ይሠራል። ቆርቆሮውን እኛ እንሰጣለን፤ መሠረቱን ሕዝቡ ይቆፍራል። ስለዚህ ሕዝቡን ለደቦ ማውጣት የሚችል ርዕሰ መምህር ነው የምንፈልገው። እስከ አርብ ካወጣች ወንበሩ የእሷ ነው። ካላወጣች ሰው አዘጋጅተናል።»

ከዚያም የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ቁልፍ ከእጇ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

በእኛ አገር ሴት ደቦ አትጠራም። ባሏ የሞተባት እንኳ ብትሆን ጠላውን ትጠምቃለች፣ እንጀራውን ታቀርባለች፤ «ኑልኝ» የሚለው ግን የጎረቤት ወንድ ነው። ደመላሽ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ያውቃል። አውቆ ነው! ያቃጠለኝም ይኸው ነው።

ሕሊና በየቤቱ እየዞረች ጠራች። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች። ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ከእሷና ከአንድ አህያ በቀር ማንም አልነበረም። አህያውም የእኔ ነው፤ ጠፍቶ ነው የመጣው።

የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አያ ጌቱ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አያ ጌቱ፣ ምነው ቀሩብኝ?»

«ልጄ፣ ሥራ ጠልቼ መሰለሽ? ሴት ጠርታው ወጣ ከምባል ወገቤ ይቀንጠስ!»

«ለእኔ እኮ አይደለም። ለልጅ ልጆችዎ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ወንድ ላኪና በእሱ አፍ ጥሪን። አሁኑኑ እንወጣለን።»

«አልልክም» አለች። «ዛሬ በወንድ አፍ ከጠራሁ ነገም በወንድ አፍ ልመራ ነው።»

መንገድ ላይ «እኔ ልጥራልሽ?» ብላት በዓይኗ ጠበሰችኝ።

አርብ ጠዋት ንዴቴ ከእግሬ ቀድሞ ጉብታው ላይ ወጣ። ጡሩንባዬን ነፋሁ። የደቦ አይደለም፤ የሞት ነው።

«ማነው የሞተው?» አሉ ከታች።

«መምህርት ሕሊና!» ብዬ ጮህኩ። «ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ!»

የአገሬን ሰው ታውቁታላችሁ። ሞት ሲጠራው ማን ጠራኝ አይልም። ወንዱ ሁሉ ዶማውን፣ አካፋውን፣ መቆፈሪያውን እየነጠቀ ወጣ። መቃብር መቆፈር አለበታ! የሚያርሰው በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ መጣ። ሞቶ የተገነዘ ሽማግሌ እንኳ «ቆይ፣ የእኔ ይደርሳል» ብሎ ተነሥቶ መጣ ቢባል አልጠራጠርም።

እሷ አልሰማችም። አማኑኤል የተሰማ ጡሩንባ እሷ ጆሮ አልገባም፤ በሩን ዘግታ ልጆቹን ጮክ ብላ ታስነብብ ነበር።

ግቢው በለቅሶ ተሞላ። አያ ጌቱ ደረቱን እየደቃ «ምሰሷችን! ይኸን ትምህርት ቤት ያቆመችው እሷ! እንግዲህ ማን ይመራናል?» አለ። ደመላሽም አለመቻሏን ሊያይ በሞተሩ ደርሶ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ሕዝቡ ፊት ቆመና «እንደ እሷ ያለ መሪ ወረዳችን አላየም» አለ። ወረዳው! አፉን በጡሩንባዬ ልወትፈው ነበር።

አልቃሿ ሽታዬ ነጠላዋን አገልድማ መሐል ገባች፤

«በቁም ሳለች ወንበር የነፈጋት አገር፣
ዛሬ አልጋ ዘረጋ ሊያሳርፋት ባፈር።»

ወንዶቹ ይኸን ሰምተው ይባስ አለቀሱ። አንድም ያፈረ የለም።

ይኸን ጊዜ የክፍሉ በር ተከፈተ። ሕሊና ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ወጣች። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። አያ ጌቱ «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።



«አንቺ ነሽ፣ እቴ» አለቻት ሽታዬ።

ሕሊና ሕዝቡን አየች፤ ዶማውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ጡሩንባውን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

«ፈንታ! አንተን በኋላ» አለችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሰሞኑን በራችሁን አንኳኳሁ። ዶማችሁ ተሰብሮ ነበር? ወገባችሁ ታሞ ነበር? ለመቃብሬ የተገኘ ጉልበት ለልጆቻችሁ ክፍል እንዴት ታጣ? አያ ጌቱ፣ ማን ይመራናል ሲሉ በመስኮት ሰምቼዎታለሁ። ይድገሙልኝ።»

«ለሬሳ እኮ ነው ያልኩት፣ ልጄ…»

«በቁሜ ይድገሙልኝ!»

አያ ጌቱ መሬት መሬት አየ።

ሕሊና ገመድና ችካል አውጥታ የመሠረቱን መስመር እዚያው ወጠረች። «እዚህ ጋ ቆፍሩ። የምትጠራችሁ ሴት ናት። ካልሆነ ዶማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እውነት የሞትኩ ቀን ግን አንዳችሁም እንዳትመጡብኝ። አልፈልግም!»

ከቀብር መከልከል! በእኛ አገር ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። ሽታዬ የባሏን ዶማ ነጥቃ መጀመሪያ መታች። ሴቶቹ ተከተሉ። አያ ጌቱም ጋቢውን አጥር ላይ ጥሎ ገባ። «ሴት ጠርታኝ ወጣሁ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የሚስቅ ካለ ወዲህ ይምጣ!» ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መሠረቱ አለቀ፤ ጥልቀቱ ግመል ይደብቃል።

ደመላሽ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አያ ጌቱ ከነጭቃው ፊቱ ተገተረ።

«አቶ ደመላሽ፣ ቅድም በሬሳዋ ላይ ያሉትን አሁን በፊቷ ብለው ይሂዱ። ሕዝቡን አውጪ አሏት፤ አወጣች። ያዘጋጁትን ሰውዬ ሌላ ቦታ ያዘጋጁት።»

ደመላሽ ዙሪያውን አየ። ዶማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ተንበርክኮ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ «ይቅር በይኝ እቴ፣ ወንበሩ የአንቺ ነው» ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣት።

ሰዉ እልል ሲል እኔም ምስጋናዬን ልቀበል ተጠጋሁ።

«እናቴ ያለችው ደብረ ወርቅ ነው» አለችኝ ሕሊና። «ሞቴን ሰምታ መንገድ ላይ ብትወድቅስ?»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ…»

«አልላክሁህም! በወንድ አፍ አልጠራም ስል ሰምተህ አልነበር? ሄደህ በራስህ አፍ ጠራሃቸው። ያውም ገድለኸኝ! አንተም ከእነሱ አትሻልም።»

ጡሩንባዬን አቅፌ ወደ ኋላ አልኩ። እድሩም ጡሩንባዬን ነጠቀኝ። አሁን ለግድግዳው ድንጋይ አመላልሳለሁ፤ መሲ ሰባተኛ ክፍልን የምትማርበት ነው። ሕሊና ስታልፍ ሰላምታዬን በግማሽ ትመልሳለች።

እንግዲህ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ። ደመላሽ አላለቀሰም። አልተንበረከከም፣ ይቅርታም አላለም። ቁልፉን ጭቃው ላይ ወረወረና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ሕሊና ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ ሄዳ ቢሮውን ከፈተች።