ጀርባው ለካሜራው ሲዞር

በቴአትር ቤት ዘመናቸው ድምፃቸው ያለ ማጉያ የኋላውን ወንበር ያንቀጠቅጥ ስለነበር «ነጎድጓድ» የተባሉት አዛውንት ተዋናይ፣ አሁን የሚሠሩት እጃቸውን ቢዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ በሚነኩበት፣ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራቸው የባዕድ ፊልም ተዋንያንን በራሳችን ቋንቋ ማናገር ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በቤታቸው የሚያነጋግሩት ሰው ስለሌለ፣ ከዚህ ክፍል ውጭ ያ የተከበረ ድምፅ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

የሰሞኑ ፊልም ጨለማ የበቀል ታሪክ ነው። አንድ ከብት ነጂ ፈረሰኛ፣ ሚስቱን ገድሎ ቤቱን ያቃጠለበትን ሰው ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ኖሮ፣ በመጨረሻ ጠላቱን አርጅቶ፣ በአንዲት የእንጨት ጎጆ ብቻውን ተቀምጦ ያገኘዋል። ነጎድጓድ በሰው ትወና በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም፤ ተበቃዩን የሚጫወተው ተዋናይ ግን አስደነቃቸው። አይጮህም፤ ጥርሱን አያፋጭም። ቁጣው ሁሉ የሚታየው ጓንቱን ጣት በጣት ሲያወልቅ ነው። ገዳዩን የሚጫወተውም ከእርሱ አይተናነስም፤ ሞቱ በበሩ ሲገባ እያየ፣ ቤቱ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ወንበር ሊስብ ይነሣል።

ተበቃዩን የሚናገሩት ነጎድጓድ ሲሆኑ፣ ገዳዩን የተናገሩት ደግሞ ማሩ ነበሩ። ማሩ የተባሉት በድምፃቸው ጣዕም ነው። ሁለቱ በመድረክ ስማቸው ተነጣጥሎ የማይጠራ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድን መሪ ገጸ ባሕርይ ማን ይጫወተው በሚል ተኳረፉ፤ በኩርፊያው መካከል የነጎድጓድ ባለቤት ሞቱ፤ ማሩም ቀብር አልመጡም። ኩርፊያው ያን ቀን ቂም ሆነ። ይህን የምታውቀው የድምፅ ቅጂ አዘጋጅ «እሳትና ጭድ አንድ ክፍል አላስገባም» ብላ በተለያየ ቀን ቀጠረቻቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ መግደል ብቻ ነው የቀረዎት» አለች ከመስታወቱ ማዶ። «ገድለው ለምሳ ይደርሳሉ።»

«በባዶ ሆድ አልገድልም ብዬሽ ነበር።»

«ከበሉማ ድምፅዎ ይተኛብኛል!»

ማዳመጫውን አጠለቁ። የመጨረሻው ትዕይንት ጀመረ። ገዳዩ ወንበሩን ሊስብ ጀርባውን ለካሜራው ሰጠ። በዚህ ቦታ በፊልሙ አንዳች ንግግር የለም። ከንፈሩ የማይታይ ሰው ግን ምንም ቢናገር ተመልካች አይነቃበትም፤ ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። አስቀድሞ የተቀዳው የማሩ ድምፅ በነጎድጓድ ጆሮ ውስጥ ዝግ ብሎ መጣ፦

«ሚስትህን ስትቀብር ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ነበር። መግባት አቃተኝ።»

አዘጋጇ ፊልሙን አቆመች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም፤ ከራሳቸው ነው የጨመሩት። አውጪው ካሉኝ አወጣዋለሁ። ግን ያምርበታል፣ አይደል?»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። ነጎድጓድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ባለቤታቸው ያረፉት ገላጣ ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው አጥር የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ሰው የሚሸሸግበት ዛፍ እንኳ የለም። እንግዲያስ ማሩ ያን ቀን አልመጡም፤ ቦታውንም እስከ ዛሬ አያውቁትም ማለት ነው። «ውሸታም!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገር ግን ያ «አቃተኝ» የሚለው ቃል ያዛቸው። የማሩን የመድረክ ለቅሶ አንድ በአንድ ያውቁታል፤ የትኛው ሳቅ፣ የትኛው ሲቃ ለየትኛው ተውኔት እንደተሠራ መናገር ይችላሉ። ይህ ከነዚያ አንዱ አልነበረም። አጥሩ ውሸት ነው፤ መግባት እንዳቃታቸው ግን እውነት ነው።

«ምን ላድርገው ጋሼ?»

«ተዪው። ይቆይ።»

ተራው የእርሳቸው ሆነ። የተበቃዩ ፊት የፊልሙን መስኮት ሞላው፤ ከንፈሩ ግን ተጋጥሟል። ለመልስ የሚሆን አንዲት ቃል የምትገባበት ቀዳዳ የለም፤ የሚፈለገው ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት የሚሰማ ትንፋሽ ብቻ ነው። ነጎድጓድ ተነፈሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የገዳይ ትንፋሽ አይደለም። ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነው።»

«ያለኝ ይኸው ነው።»

«እሺ፤ የቀረውን ጥይቱ ይጩኽልን» አለችና ሳቀች። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ማዳመጫውን አውልቀው ከክፍሉ ወጡ። «የዚያ ሰውዬ ስልክ አለሽ?»

«የየትኛው?»

«ወንበር የሳበው።»

አዘጋጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ደወለችና ስልኩን ሰጠቻቸው፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ወጣች። ጥሪው ረዘም አለ።

«አቤት?» አሉ ማሩ።

ነጎድጓድ ሰላምታ አልሰጡም። «ቦታው አጥር የለውም።»



«ያለው መስሎኝ» አሉ ማሩ። ያ የማር ድምፅ ሻክሮ ነበር።

«ነገ ና፣ አሳይሃለሁ።»

«ጉልበቴ ከድቶኛል እኮ። ዳገት ነው እንዴ?»

«ዳገት ነው» አሉ ነጎድጓድ። «ብቻዬን ስወጣው አላልቅ ብሎኛል።»